ስፋቷን እንጂ ክብደቷን ያልለካኋት

«አንድ… ሁለት… ሦስት! በሉ!»

ስድስት ጎልማሶች ጎንበስ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ላይ ሳቡ። የአንዱ ጫማ አንሸራተተው፤ የሌላው ፊት በርበሬ መሰለ። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። የኋላ ቀኝ ጎማዋ ቦዩ ላይ የተጣለውን መሻገሪያ ሶሌታ ሰብሮ ቦዩ ውስጥ ገብቷል፤ ሆዷ ቦዩ ጠርዝ ላይ አርፏል፤ የፊት ግማሿ ደግሞ በግቢው በር ውስጥ አልፎ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተቀስሯል።

ሜትር አጥሩን ተደግፋ ታያለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሰፈርተኛው ሜትር የሚላት ቁመቷ ከእኩዮቿ ሁሉ ስለሚበልጥ ነው። እጆቿን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ደብቃለች።

«ቁንጫ ብትሆን ኖሮ እኮ» አለ ባለሱቁ ወገቡን ይዞ፣ «ይሄኔ አንስተናት፣ ሻያችንን እየጠጣን ነበር!»

ቁንጫ ያሏት አባቷ ድሮ ይነዳት የነበረችውን ትንሽ የመሥሪያ ቤት መኪና ነው። ቁንጫ እዚሁ ቦይ ውስጥ ሁለቴ ገብታለች። ሁለቴም አራት ሰው እየሳቀ ብድግ አድርጎ አውጥቷታል። ይቺ ግን ሌላ ናት። አባቷ በሾፌርነት የሚሠራበት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ከአራት ወር በፊት ያስመጣት ረጅም፣ ጥቁር የኤሌክትሪክ መኪና ናት። ወለሏ ከዳር እስከ ዳር ባትሪ ነው፤ ክብደቷ ሁለት ቶን ተኩል ገደማ።

አባቷ «እሜቴ» ይላታል። ማታ ማታ ስለ እሷ ሳያወራ አይተኛም። «እሜቴ ስትነሳ ነፋስ ናት፤ ለመቆም ግን ትለመናለች» ይላል። «ከፊቴ ካለው መኪና እጥፍ ርቀት ካልተውኩ አላምናትም። መታጠፊያ ላይ ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች፤ መኪና ማቆሚያ ላይ የጎረቤቷን ድርሻ ትበላለች፤ ጎማዋንማ እንደ ጫማ ነው የምትጨርሰው።» ይህን ሁሉ እያማረረ የሚያወራ ይመስላል እንጂ በኩራት ነው የሚያወራው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ እንዲህ ያለች መኪና ተሰጥቶት አያውቅም።

ሰፈር ግን አምጥቷት አያውቅም። ዋናው መንገድ ዳር ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ውስጥ ትቷት፣ በእግሩ ነው ቤቱ የሚገባው። የሜትርም ጣጣ የመጣው ከዚሁ ነው። የክፍሏ ልጅ ፍንጭቷ፣ በልጆች ሁሉ ፊት «አባትሽ እንደዛ ዓይነት መኪና ቢነዳ አንድ ቀን እንኳ አናይም ነበር? ቀደዳሽን አቁሚ!» አለቻት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሜትር ደግሞ በእልህ «ቅዳሜ ለጥናት ስትመጡ ደጃችን ታዩዋታላችሁ» ብላ ቁጭ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ከግንበኛው ጎረቤታቸው የመለኪያ ሜትሩን ተዋሰች። ቤታቸው ቅያሱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ በሩ ከመንገዱ ጋር ፊት ለፊት ነው። ግንበኛው አንዱን ጫፍ ያዘላት፣ እሷ ሌላውን። የበሩ ስፋት ሁለት ሜትር ከስልሳ። መኪናዋ ስፖኪዮዋ ሲታጠፍ ሁለት ሜትር አትሞላም። በያንዳንዱ ጎን ሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት።

«ስፋቱስ ይበቃል፣ ልጄ» አለ ግንበኛው ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብሎ። በሩ ፊት የተጣለውን የሲሚንቶ ሶሌታ እሱ ራሱ ነበር የሠራው። «ይቺን ግን አየሻት?»

ከሥር በኩል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች።

«ያ የውሃ ቦቴ ሲዞር ወጥቶባት ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ፌሮ ብረት ጨምሬ እደግማታለሁ። እስከዚያ ከቁንጫ የከበደ ነገር እንዳያልፍባት። ለአባትሽ ንገሪው፣ እሺ?»

«እሺ፣ ጋሼ።»

አልነገረችውም። ዛሬ ጠዋት አባቷን «ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ አባዬ! በሩን ከጋሼ ጋር ለክተነዋል፤ እኔ ራሴ አጥባታለሁ!» እያለች ስትለማመጠው፣ እሱ መኪናዋን ቦዩ ጋ ሳትደርስ አቁሞ ሶሌታውን በጥርጣሬ አየው።

«ግንበኛው ስለዚህ ነገር የነገረሽ አለ?»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፍንጭቷ ትመጣለች።

«ደህና ነው ብለዋል» አለች።

የፊት ጎማዎቹ አለፉ። ሜትር ትንፋሿን ለቀቀች። ከዚያ ከኋላው ጎማ ሥር ሶሌታው ሲሰበር ተሰማ፤ እንደ ፍንዳታ ሳይሆን እንደ ደረቅ ብስኩት፣ ቀጭ ብሎ።

«በብረት ፈንቅለን እናንሳት» አለ ከስድስቱ አንዱ አሁን፣ ረጅም ብረት ይዞ እየመጣ።

«ሆዷን እንዳትነካ!» አባቷ ጮኸ። «ባትሪው እኮ እዚያ ነው!» ሲጮህ ሰምታው አታውቅም። ክሪኩንም ሞክሮት ነበር፤ ከሥሩ ያለው አፈር ቁልቁል ከመስመጥ በቀር መኪናዋን አንድ ጣት አላነሳም። መኪና የሚጎትቱ ሰዎች ጋ ሲደውል ክብደቷን ጠየቁት። ሲነግራቸው «የኛ ክሬን ሁለት ቶን ነው የሚችለው» ብለው ዘጉበት። ሌላ ቦታ ደወለ። ያለው ክሬን በዚህ ቅያስ አይገባም ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ስምንት ሰዓት ላይ እንግዳ ሊቀበልባት ይፈልጋታል። አሁን አምስት ተኩል ሆኗል። አባቷ ስልኩን ያያል፣ ጎማውን ያያል፣ መልሶ ስልኩን ያያል። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው በገዛ ደጁ ላይ እጁን አጣምሮ ቆመ። ሜትር ይህን ከምታይ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

ግንበኛው ጩኸቱን ሰምቶ ሲሚንቶ የነካው ልብሱን እንደለበሰ እየሮጠ መጣ።

«ኧረ ምን ጉድ ነው!»

«ጉዱንማ አንተ ንገረኝ!» አለው አባቷ። ሁለቱ አብሮ አደግ ናቸው፤ እንዲህ ባለ ድምፅ ተነጋግረው አያውቁም። «ደህና ነው አላልክም? ደህና ነው ብለህ አይደለም እንዴ ያስገባኋት?»

«እኔ?»

ግንበኛው ግራ ገብቶት ዞር ሲል ዓይኑ ሜትር ላይ አረፈ። እሷ አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል አሁንም እያያት ነበር። አልተቆጣም። ያወቀ ሰው አስተያየት ነበር፤ ያ ነው የባሰባት።

«እንግዲህ… ብዬ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ። «ተሳስቼ ይሆናል።»

«የኔንም ደጅ እኮ እሱ ነው የሠራው» አለ ባለሱቁ ለጎረቤቱ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። «ሰኞ ሌላ ሰው ጠርቼ ማሳየት አለብኝ።»

«እኔም ደረጃ ላሠራው ነበር። ደግነቱ ሳልጀምር አየሁት» አለ ሌላው።

ግንበኛው ሰምቷል። ጆሮው ቀላ። ቦዩ ውስጥ ወርዶ የተሰበረውን ሶሌታ ቁራጮች መልቀም ጀመረ። አንዱን አንስቶ ውስጡ ሳይሰስት የከተተውን ፌሮ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ አስቀመጠው፤ ለማንም አላሳየውም።

በዚህ መሐል ነው ፍንጭቷ ከሁለት ልጆች ጋር ደብተሯን ታቅፋ ከቅያሱ ብቅ ያለችው።

«ውይ! ይቺ ናት እንዴ?» አለች። ከዚያ ጎማውን አየች፣ ሰዎቹን አየች፣ የሜትርን ፊት አየች። ልትስቅ የከፈተችው አፏ ቀስ ብሎ ተከደነ። «ሜትር… ምን ሆና ነው?»

የአባቷ ስልክ ጠራ። «አቤት ጌታዬ» አለ፤ ወገቡ ሳያስበው ጎበጥ አለ። «አዎ… ታጥባለች ጌታዬ… ትንሽ ችግር…» ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ደግሜ ልደውልልዎት?»

ግንበኛው ከቦዩ ወጣ። ልብሱን አራገፈና ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። ማንም ቆይ አላለውም።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ እሱም አይናገርባትም። ብትናገርም መኪናዋ አትነሳም፣ ስምንት ሰዓትም አይዘገይም። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግንበኛው ግን ስድስተኛው አጥር ጋ ደርሷል።

«ጋሼ፣ አይሂዱ!»

ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። ሁሉም ዞሩ። ፍንጭቷም።

«አባዬ… ጋሼ ደህና ነው አላሉም። ሐሙስ ዕለት ስንጥቁን አሳይተውኛል። ከባድ ነገር እንዳያልፍ፣ ለአባትሽ ንገሪው ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልነገርኩህ።»

እንዲጮኽባት ጠበቀች፤ እንዲጮኽባትም ተመኘች። አባቷ ግን አያት፣ ከዚያ ግንበኛውን አየ። ባለሱቁ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ግንበኛው ካለበት አልተመለሰም፤ ግን መሄዱንም አቆመ።

ስልኩ እንደገና ጠራ። ስድስቱ ሰዎች እንደገና ጎንበስ አሉ፤ «አንድ… ሁለት…» እሜቴ ንቅንቅ አላለችም።

በመኪናዋና በበሩ መካከል ክፍተት አለ። ገብታ፣ ክፍሏን ቆልፋ፣ ትራስ ራሷ ላይ መጫን ትችላለች። ልኩን ማንም እንደሷ አያውቀውም፤ ሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ቀጭን ሰው ያሳልፋል። ሜትር እጆቿን ከኪሷ አወጣች። ሄዳ ስልኩን ጆሮው ላይ ካደረገው አባቷ ጎን ቆመች።