ጅቦች ዝባድ የተቀቡበት ቀን

ወንዙ በቅሎዋን እስከ አንገቷ ዋጣት። ተማም ልጓሙን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ዳር ጎተተ። ብርቄ ኮርቻው ላይ የተጠፈረውን ባሏን በትከሻዋ ደግፋ፣ ውሃው ደረቷን እየመታት ተከተለች። ወዲያኛው ዳር ሲደርሱ ሁለቱም ጭቃው ላይ ተዘረሩ።

«አለ?» አለ ተማም።

«ይተነፍሳል። ይነሱ ጋሽ ተማም፣ እንሂድ!»

ባሏ ኢሳያስ ትናንት ቀፎ ሊሰቅል ከወጣበት የቀረሮ ዛፍ ወድቆ ቅልጥሙ ተሰብሯል፤ አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ወጥቷል። ቁስሉን ያሰረለት የቀበሌው ጤና ሠራተኛ «ዛሬ ዋጫ ጤና ጣቢያ ካልደረሰ እንጃ» ብሏል። የ1994 ክረምት ድልድዩን ጠርጎ ስለወሰደው መኪና የለም። በቅሎ የነበረው ደግሞ እነሱ ቤት ያደረው እንግዳ ተማም ብቻ ነው።

ተማም የሊሙ ሰው ነው፤ ጥሪኝ አርቢ። ከስምንት ጥሪኞች ዓመቱን ሙሉ የሰበሰበውን፣ ለሽቶ የሚሸጠውን ዝባድ በበሬ ቀንድ ጠቅጥቆ፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ዋጫ ሊወርድ ሲል ነው ይህ የደረሰው። ቀንዱን ከሚስቱ አብልጦ ይጠብቃል ብለው ይቀልዱበታል። ብዙም አልተሳሳቱም።

ጫካው ውስጥ ዝናቡ አባርቶ ጉም ወረደ። ገና አስር ሰዓት ሳይሞላ ከዛፎቹ ሥር ድንግዝግዝ አለ። በቅሎዋ ጆሮዋን ቀስራ ቆመች። ከኋላ አንድ ጅብ ጮኸ፤ ከግራ ሌላው መለሰለት።

«ደሙ ነው የጠራቸው» አለች ብርቄ። ወንዙ ያራሰው ፋሻ እንደ አዲስ ደም ያንጠባጥብ ነበር።

«ግድ የለሽም። ከዝባድ የሚበልጥ ሽታ የለም፤ እኔ እሸፍነዋለሁ» አለ ተማም፤ በሙያው ከመጡበት ሰው አያስቀድምም። ቀንዱን ከፍቶ በጣቱ ቆንጥሮ ፋሻውን ለቀለቀና እጁን ሣሩ ላይ ጠረገ።

መቼም ሲሳሳት ደህና አድርጎ ነው። ሃያ እርምጃ ሳይሄዱ ጅቦቹ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ፤ ሰባት ናቸው። ተማም ድንጋይ ወረወረ፣ ዱላ ወዘወዘ፤ ፈንጠር ብለው ተመለሱ። ከሁሉ የምትገዝፈው እናት ጅብ ዘልላ የበቅሎዋን ጭራ ነጨች። በቅሎዋ በረገገች። ኢሳያስ ወደ ጎን ሲንሸራተት ብርቄ ወገቡን አንቃ ያዘችው።

በዚህ መሃል ወደ ኋላ ዞር አለች።

«ጋሽ ተማም፣ ያን ይዩ! ይንከባለላል!»

አንድ ወጠጤ ጅብ ተማም እጁን በጠረገበት ሣር ላይ አንገቱን ያሻል። ሲነሳ ሁለት ጅቦች ሮጠው አንገቱን አሸተቱት፤ ከዚያ እነሱም ተንከባለሉ። ተማም ነገሩ ገባው። የሰፈሩ ውሾች የጥሪኝ ቤት ጥራጊ በጣለ ቁጥር እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ የተቀባውን ውሻ ሌሎቹ ከበው እንዴት እንደሚያሸቱት ያውቃል። በመንጋ የሚኖር አውሬ እንግዳ ሽታ ካገኘ ለብሶት ለጓደኞቹ ሳያሳይ አያርፍም። ይህን ሁሉ እያወቀ ቀንዱን አልለቀቀም።

«ይድፉት!» አለች ብርቄ።

«የዓመት ልፋቴ ነው እኮ!»

«ይሄም ባሌ ነው!»

ተማም ኢሳያስን አየው። ከንፈሩ አመድ መስሏል። በራሱ አፈረ።

«ቢስሚላሂ!» ብሎ ቀንዱን ግንድ ላይ ከሰከሰው። ዝባዱን በመዳፉ እየዛቀ ሣሩን ለቀለቀው። ብርቄ የተቀባውን ፋሻ ፈትታ ወረወረችና ቁስሉን በነጠላዋ ጠፈረች።

«እጅዎን! እጅዎን በጭቃ ይሹት፣ አለዚያ እርስዎንም ይንከባለሉብዎታል!»

በቅሎዋን እየገፉ ሮጡ። እናት ጅብ ለመከተል ተነስታ ሣሩ ዘንድ ስትደርስ ቆመች፤ አሸተተች፤ ትከሻዋን ጣል አድርጋ አራት እግሯን ሰቀለች። ሌሎቹ ተጋፍተው ደረሱ። ሰርግ ቤት ሽቶ የተሰጣቸው ልጃገረዶች ይመስል፣ አንዷ የሌላዋን አንገት እያሸተተች ተራዋን ትነጥቃለች። ጩኸታቸው እየራቀ ሄደ። የተከተላቸው አልነበረም።

ዋጫ ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና መግባቷ ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ አፍንጫዋን ይዛ ተቀበለቻቸው፤ ቁስሉን አጥባ፣ እግሩን በጣውላ አስራ፣ ጉሉኮስ ሰቀለችለት።

«ኢሳያስ፣ እስኪ የእግርህን ጣት አንቀሳቅስ» አለችው።

አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ሌሎቹ።

«ተርፏል። እግሩም ይተርፋል» አለች ነርሷ።

ወንዙም ጅቡም ያላስለቀሳት ብርቄ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ተማምም አጠገቧ ተቀመጠ። እፎይ አለ፤ እንዲህ ቅልል ብሎት አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ዝባዱን በየዓመቱ የሚረከበው ነጋዴ ሉቅማን የተማምን መምጣት ሰምቶ ከተፍ አለ።

«እህሳ ጋሽ ተማም፣ ዘንድሮ ምን ይዘህልኝ መጣህ?»

«ኢሳያስን» አለ ተማም፤ ሳቁና እንባው አንድ ላይ መጡ።