አርባ ሁለት ደቂቃ የተጫነ ቁልፍ

ሽማግሌው ፕሮግራመር ወንበራቸው ላይ እንዳሉ፣ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው ባለው ስክሪን፣ ራሳቸው በሠሩት ትንሽ የስዕል ፕሮግራም ላይ፣ በማውስ የተጻፈ አንድ ቃል ነበር፦ «በቃኝ»። የሻይ ብርጭቋቸው የእንቅልፍ መድኃኒት ዝቃጭ ነበረበት።

መርማሪዋ ክፍሉን ቃኘችው። አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ። የእሷም ቤት ከዚህ አይሻልም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ልጃቸው በሩን ተደግፋ። «ነገ እመጣለሁ፣ ነገ እመጣለሁ እያልኩ አባቴን ብቸኝነት በላው።»

«ቆይ እስቲ እህቴ፤ ሸክሙን ለማንሳት አትቸኩዪ» አለች መርማሪዋ።

አስከሬኑን ያገኘችው ጎረቤታቸው የሆነች ነርስ ናት። «ስድስት ሰዓት ላይ ገባሁ። አባባ ሰው ይመጣል እያሉ በራቸውን አይዘጉም ነበር። ማንም አይመጣም እንጂ። ትናንት ብቻ ከንድፍ ሠሪው ጋር ስለ አንድ ምሰሶ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ።»

«የሙያ ወግ ነው» አለ ፎቅ ላይ የሚኖረው የሕንፃ ንድፍ ሠሪ። «ዛሬ ጋሼን አላየኋቸውም።»

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ መርማሪዋ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠች። ፕሮግራሙ የማውሱን እንቅስቃሴ፣ ቁልፉም የተጫነበትንና የተለቀቀበትን ሰዓት ሁሉ ይመዘግባል። የግራውን ቁልፍ ተጭና ስትጎትት መስመር ተሰመረ፤ ስትለቅ ቆመ። በቀኙ ስትነካው ጠፋ። ከዚያ ፕሮግራሙ የያዘውን መዝገብ ከታች ወደ ላይ አነበበችና ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«እስቲ አንዳንድ መስመር አስምሩልኝ።»

ነርሷ ተጭና ጎተተች። ልጅቷም እንዲሁ አደረገች። ንድፍ ሠሪው ግን አንዴ ጠቅ አድርጎ ለቀቀ፤ ማውሱን ወሰድ አድርጎ ደግሞ ጠቅ አደረገ። ስክሪኑ ላይ የቀሩት ሁለት ነጥቦች ብቻ ነበሩ። ደንግጦ እጁን ሰበሰበ።

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አለች መርማሪዋ። «ሟቹ ቁልፉን የተጫኑት አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። የተለቀቀው አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ። በመሃሉ ማውሱ ንቅንቅ አላለም። ቁልፉን ይዞ የቆየው የወደቀ እጅ ነው፤ ያን እጅ ያነሳው ሌላ ሰው ነው። ‹በቃኝ› የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?»

«ከቃሉ በፊት ስድስት ነጥቦች ተደርገው በቀኙ ቁልፍ ተሰርዘዋል። አንተ ሕንፃ በምትነድፍበት ፕሮግራም መነሻና መድረሻውን ጠቅ ማድረግ ይበቃል፤ መስመሩ ራሱ ይመጣል። ይሄኛው ተጭነው ካልጎተቱት አይሠራም። ፕሮግራሙን ራሳቸው የሠሩት ሟች ይህን አይስቱም። ትናንት የተጨቃጨቃችሁበት ምሰሶስ?»

ንድፍ ሠሪው ፊቱን ከስክሪኑ አዞረ።

«ተሳስቼ ነው የነደፍኩት። ‹ሕንፃው ውስጥ ሰው ሳይገባ ነገ ራስህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አሉኝ። ጠዋት ይቅርታ ልጠይቅ መስዬ ሻይ አፈላሁላቸው።»

«ከዚያስ ለምን ወዲያው አልሄድክም?»

«ብቻቸውን ትቻቸው መውጣት አቃተኝ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ትንፋሻቸው እስኪያቆም።»

ልጅቷ ትጮሃለች፣ ትረግመዋለች ብለው ሁሉም ጠበቁ። እሷ ግን የአባቷን ወንበር በእጇ ያዘች።

«አርባ ሁለት ደቂቃ» አለች። «እኔ ዘንድሮ ይህን ያህል ከአባቴ ጋር አልተቀመጥኩም።»