የከሱት ትኋኖች

ሂክማ ከእንቅልፏ ስትነቃ ተኪዋ ለግማሽ ሰፈሩ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ጨርሶ ነበር። ተኪ የሚሉት በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ የባለቤቱን ድምፅና አነጋገር አጥንቶ፣ ስለ እሱ ሰላምታ የሚያቀርበውን፣ ጥሪ የሚመልሰውን፣ ሲያስፈልግም ለቅሶ የሚደርሰውን መሣሪያ ነው። ባለቤቱ ሲተኛ፣ ሲደክመው ወይም የሰው ፊት ማየት ሲያስጠላው ተኪው ይናገርለታል። ፀሐይን ሸሽታ ከምድር በታች በገባችው ድሬዳዋ፣ ተኪ የሌለው ቤት ውሃ እንደሌለው ቤት ነበር የሚቆጠረው።

«ሂክማ ልጄ፣ እንደምን አደርሽ? የሰሚራስ ሳል ተሻላት?» የሚለው የጋሽ ደምሰው ድምፅ ከጎረቤት በኩል መጣ። ጋሽ ደምሰው ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን ጋሼ። እርስዎስ?» አለ የሂክማ ተኪ በሂክማ ድምፅ።

ሂክማ ፈገግ ብላ ወደ ልጇ ዞረች። ፈገግታዋ ግን እዚያው ከንፈሯ ላይ ደረቀ። በአራት ዓመቷ ሰሚራ ክንድ ላይ ቀያይ እብጠቶች መስመር ሠርተው ወርደዋል። ትራሱን አነሳች። በፍራሹ ስፌት ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ተዘርተዋል፤ ከስፌቱም ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል፣ ጠፍጣፋ ቡናማ ተባይ ብቅ ብላ መልሳ ገባች።

ትኋን ነበረች። ከምድር ላይ ጠፍቷል ከተባለ ዘመን ያለፈው፣ ስሙ በስድብ ውስጥ ብቻ የቀረው ትኋን።

ባሏ ሙክታር የከተማው የመሬት ውስጥ እርሻ ሠራተኛ ነው። ነገሩን ስትነግረው በሩን ዘጋ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለማንም አልተናገርሽም አይደል?» አለ።

«ለማን እናገራለሁ?»

የፈሩት የንጽህና ጓዱን ነበር። ጓዱ ተባይ አለ የተባለበትን ቤት ያሽጋል፤ ነዋሪውን ወደ ማቆያ አዳራሽ ይወስዳል፤ ከዚያ ክፍሉን በጋዝ ይሞላዋል። ከእነሱ በታች ባለው ወለል የሚኖር አንድ ቤተሰብ ባለፈው ዓመት እንዲህ ተደርጎ ነበር። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጋዙ ከምንጣፉ አልወጣም ነበርና፣ ትንሹ ልጃቸው እስከ ዛሬ ያለ ኦክስጅን ቱቦ አይተነፍስም። ሰሚራ ደግሞ አስም አለባት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስለ ተባይ አፉን የሚከፍት ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሙክታር ከእርሻው አንድ ጠርሙስ በጃኬቱ ደብቆ አመጣ።

«ይህን ፍራሹ ላይ ብንረጨው ባንድ ቀን ይጨርሳቸዋል።»

ሂክማ ጠርሙሱን አገላብጣ አየችው። «ሙክታር፣ ይህ ለሽንኩርት ማሳ የተሠራ መርዝ ነው። ልጅህ አፍንጫዋን ቀብራ በምትተኛበት ፍራሽ ላይ ልትረጨው?»

«ታዲያ ጓዱን እንጥራ?»

«አንጠራም።»

«መርዝ የለ፣ ጓድ የለ! ታዲያ ሽማግሌ እንላክባቸው?»

ሂክማ ሳቋ አመለጣት፤ ግን ጠርሙሱን አልመለሰችለትም። «በሙቀት ነው የሚሞቱት» አለች። «እነሱም፣ እንቁላላቸውም። ከላይ ያለችው ፀሐይ አባቶቻችንን ጉድጓድ ካስገባች፣ ትኋን አያቅታትም።»

ሥራው የጀመረው እዚያው መኝታ ቤቱ ውስጥ ነው። አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱንና የሰሚራን ልብስ ሁሉ ከክፍሉ ሳያወጡ በጥቁር ላስቲክ ከረጢት ከተው አፉን አሰሩት፤ በኮሪደሩ ላይ አንዲት ትኋን ብትወድቅ የሌላው ቤት ጣጣ ትሆናለችና። ሂክማ በአቧራ መሳቢያው የፍራሹን ስፌት፣ የአልጋውን መጋጠሚያና የግድግዳውን ጥግ ቀስ እያለች ሳበች፤ የመሳቢያውንም ከረጢት በላስቲክ ላይ ላስቲክ ደርባ አሰረችው። ከዚያ በልብስ መተኮሻው እንፋሎት የአልጋውን ስንጥቅ ሁሉ አጠነች። ሶኬት ካለበት ጋ ስትደርስ እንፋሎቱን ዘጋች፤ ትኋን ገድሎ በኤሌክትሪክ መሞት የለም።

እኩለ ቀን ላይ ከረጢቶቹን በአሳንሰር ወደ ምድር ገጽ አወጡ። ከላይ ሰው አልነበረም። የድሮው ከተማ ጣሪያዎች ነጭ ሆነው ያንጸባርቃሉ፤ አየሩ ፊትን እንደ ምድጃ አፍ ይገርፋል። ከረጢቶቹን ሲሚንቶው ላይ ዘርግተው ሂክማ ቴርሞሜትር ከልብሱ መሃል ቀበረች። የላይኛው ልብስ ስለጋለ ብቻ የመሃሉ ጋለ ማለት እንዳልሆነ ታውቃለች። ሰውነታቸው በላብ ተነክሮ ወደ ጥላው ሸሹ፤ መሃሉ እስኪግል ድረስም ከዚያ አልተነቃነቁም።

ሲመለሱ አልጋውን ከግድግዳ አራቁት። ከእያንዳንዱ እግሩ ሥር የውስጥ ጠርዙ በዱቄት የለሰለሰ ሰፊ ሳህን አኖሩ፤ ትኋን በሚያንሸራትት ነገር ላይ መውጣት አይሆንላትም።

«ወደ ሳሎን ወጥተን ብንተኛስ?» አለ ሙክታር።

«ይከተሉናል። ያኔ ሁለት ክፍል ልናጸዳ ነው። እዚሁ እንተኛለን።»

ሰሚራን መሃል አድርገው ተኙ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተነከሰ ሰው አልነበረም። ሂክማ ግን እንቁላል ቆይቶ ስለሚፈለፈል መሳቡንም ማጠኑንም በየሳምንቱ ደጋገመችው። አንድ ጠዋት ሳህኖቹን ልትጠርግ ስታጎነብስ ነው ነገሩ የተገለጠላት።

ሳህኖቹ ውስጥ ትኋኖች ነበሩ፤ ብዙ ትኋኖች። ከአልጋው የወረዱ ግን አይደሉም። ሁሉም ከውጭ በኩል መጥተው ወደ አልጋው ሊወጡ ሲሞክሩ የተንሸራተቱ ነበሩ። ደግሞ ከስተዋል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስተው፣ ብርሃን ሲነካቸው ሆዳቸው ወዲያ ማዶ ያሳያል። ጠብታ ደም አልነበረባቸውም።

መሬት ላይ ተደፍታ የመጡበትን ፈለገች። ከጋሽ ደምሰው ጋር በሚያዋስናቸው ግድግዳ፣ የመስመር ሽቦ ከሚያልፍበት ቀዳዳ አንዲት ከሲታ ትኋን ወጣች። ሌላዋ ተከተለቻት። ከዚያ ሌላ።

«ከጋሼ ቤት ነው የሚመጡት» አለች ሙክታርን ጠርታ።

«ምስኪን ሽማግሌ! እሳቸውንም እየበሏቸው ነዋ።»

ሂክማ አንዷን ትኋን በወረቀት ጫፍ አንስታ ወደ መብራቱ አቀረበቻት። «እየበሏቸው ቢሆን እንዲህ ይከሱ ነበር?»

ሙክታር ትኋኗን አየ፤ ግድግዳውንም አየ። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ የጋሽ ደምሰው ድምፅ፣ «ሂክማ ልጄ፣ እንደምን አደርሽ?» አለ። ለስላሳ ነው፤ የለመዱት ድምፅ ነው። የሂክማ ተኪም ባለቤቱን ሳይጠብቅ፣ «ደህና ነን ጋሼ» አለው።

ሂክማ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ የሽማግሌውን በር አንኳኳች።

«ሂክማ ልጄ! ዛሬ ትንሽ ደክሞኛል፤ ነገ ብቅ በይ» አለ ድምፁ።

«ጋሼ፣ ትኋን እየነከሰዎት ነው?»

«አዬ ልጄ! እኔን ደግሞ ምን ይነክሰኛል!»

ሂክማ መዳፏን በሩ ላይ አኖረች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በሩን ከውስጥ በእጅዎ ይምቱልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ዝም አለ። ያ ድምፅ ለምንም ጥያቄ መልስ ሲያጣ ሰምታው አታውቅም።

«ነገ» አለ በመጨረሻ።

ሙክታር ብረት አምጥቶ በሩን ፈለቀቀው። ከውስጥ የወጣው አየር ደረቅ ነበር፤ አቧራ አቧራ ይላል። የቤቱ አየር ማጣሪያ ሽታ የተባለውን ሁሉ ሲመጥ ከርሞ ኖሮ፣ ለኮሪደሩ ያስተረፈው ነገር አልነበረም። ጋሽ ደምሰው አልጋቸው ላይ ነበሩ፤ ብርድ ልብሳቸውን እስከ ደረታቸው ስበው፣ ወደ ግድግዳው ዞረው። ፊታቸው ደርቆ እንደ ቁርበት ሆኗል።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ሙክታር ቁና ቁና እየተነፈሰ።

«ሙክታር ልጄ፣ መጣህ እንዴ!» አለ ድምፁ ከራስጌያቸው። «ሰሚራስ? ሳሉ ለቀቃት?»

«አጥፊው! ሂክማ፣ ይህን ነገር አጥፊው!»

ማጥፊያውን ከግድግዳው ክዳን ሥር አገኘችው፤ ጣቷ ግን እምቢ አላት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጋሽ ደምሰው ለሰፈሩ ሁሉ በሕይወት ያሉ ሰው ነበሩ። ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው። ወዲያው ቤቱ ውስጥ የወረደው ጸጥታ ከሬሳው ይልቅ አስፈራት።

ሐኪም መጥቶ ሲያያቸው ከረመዳን በፊት ሳያርፉ አልቀሩም አለ። ሂክማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። በዒድ ጠዋት «እንኳን አደረሳችሁ» ብለዋታል። ሰሚራ የታመመች ሰሞን በየቀኑ ጠይቀዋታል። እሷስ በሕይወት አለች፤ ግን ከእነዚያ መልሶች ስንቱን በራሷ አፍ መለሰች? አንዱ ሞቶ፣ አንዷ ተኝታ፣ ሁለት ድምፆች በግድግዳ ወዲያና ወዲህ ሲጠያየቁ ከርመዋል። ተኪው አልተበላሸም። ባለቤቱ ዝም ሲል እንዲናገር ነው የታዘዘው፤ ዝምታና ዝምታን የሚለይበት ነገር ማንም አልሰጠውም። ሽማግሌው እንደሌሉ ያወቁት ትኋኖቹ ብቻ ነበሩ። ለእነሱ ድምፅ አይበቃቸውም፤ የሚሹት ሰውየውን ራሱን ነው።

በቀብሩ ዕለት ጎረቤቱ አንድም ሳይቀር አዘነ። «ነፍስ ይማር»፣ «አላህ ያጽናችሁ» የሚሉ ድምፆች ከየግድግዳው ጎረፉ፤ አንዳንዶቹም እያለቀሱ ነበር። አስከሬኑን ለመሸከም በእግሩ የመጣ ሰው ግን ጠፍቶ፣ የሳጥኑን አንድ ጫፍ ሂክማ ራሷ ያዘች።

ከዚያ የሽማግሌውን ክፍል እንደ ራሳቸው መኝታ ቤት ስፌት በስፌት አጸዱት። የሽቦውን ቀዳዳ በስቱኮ ደፈኑ፤ ፍራሹን ጠቅልለው ወደ ፀሐዩ አወጡ። ሳህኖቹ ባዶ ሆነው ማደር ጀመሩ። የሰሚራ ክንድም ጠራ።

የሂክማ ልብ ግን አልጠራም። ወንድሟ ያሕያ ሁርሶ ነው የሚኖረው፣ ከምድር በላይ፣ የፀሐይ ሰሌዳዎች ጠባቂ ሆኖ። ከእናታቸው ሞት ወዲህ በዓይኗ አላየችውም። ድምፁን ግን አንድ ጠዋት እንኳን አጥታው አታውቅም። «እህት ዓለም፣ ሰላም ነኝ» ይላታል ሁልጊዜ፤ ሁልጊዜም ሰላም ነው።

ለተኪዋ ምንም ሳትነግር ባቡር ተሳፈረች። ሁርሶ ስትደርስ መንገዱ ባዶ ነበር። የያሕያ ቤት መስኮት ተዘግቷል፤ ደጃፉ ላይ ነፋስ ያመጣው አሸዋ ተቆልሏል፤ የሰው ኮቴ አይታይበትም። አንኳኳች።

«ሂክማ! እህት ዓለም!» አለ ድምፁ ከግድግዳው። «አትስጊ፣ ሰላም ነኝ። ሰሞኑን እደውልልሻለሁ።»

በሩን ደግማ አንኳኳች። «ያሕያ፣ ውጣ!»

«እሺ የኔ እህት፣ ሰሞኑን...»

«ድምፅህን አልፈለግኩም!» በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። «እግርህን አሰማኝ! ያሕያ! እግርህን!»

ድምፁ አንድ ሁለት ጊዜ ስሟን ጠርቶ ተወ። ነፋሱ አሸዋውን ከበሩ ላይ ይረጫል። ጆሮዋን ሳንቃው ላይ ለጥፋ፣ ትንፋሿን ውጣ ቆየች።

ከረጅም ጊዜ በኋላ ከውስጥ የሆነ ነገር ተጎተተ። የዛገ መወርወሪያ እያቃሰተ ተላቀቀ፤ በሩ በስንዝር ያህል ተከፈተ። ያሕያ ነበር። ጢሙ ነጥቷል፤ ብርሃኑ አስጨንቆት ዓይኑን ያርገበግባል። መሬት ላይ በእግሯ የቆመችውን እህቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ እጁ ደረቱን ያዘ። ሰው በአካል ወደ ሰው ደጅ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ቆይቷልና።

«ማን ሞተ?» አላት።