የማብረጃው መታጠፊያ

ጀላል ሐሙስ ከቀትር በፊት ማብረጃ ላይ በገዛ መኪናው ጎማ ሥር ሞቶ ተገኘ። ማብረጃ ከዓባይ በረሃ ወደ መካነ ሰላም የሚያወጣው ዳገት ላይ ያለች መታጠፊያ ናት። ስሟን ያወጡላት ሾፌሮች ናቸው። አሮጌ መኪና እዚያ ሲደርስ ይፈላል፤ ተሳፋሪው ይወርዳል፤ ሞተሩ እስኪበርድ ሰው ሐሜቱን ይጨርሳል። አራቱም ጎማዋ የሚጎትተው የጀላል አሮጌ መኪና ማብረጃን ሳትቆም ያለፈችበትን ቀን የሚያስታውስ አልነበረም።

ኢንስፔክተር ሉሊት አርብ ጠዋት ስትደርስ የወረዳው ፖሊሶች ጥፋተኛውን አግኝተው ጨርሰው ነበር። መካኒኩ የኋላሸት ረቡዕ ዕለት መኪናዋን ሲነካካ ውሏል፤ ሐሙስ የእጅ ፍሬኗ ለቀቀ፤ ሰው ሞተ፤ የኋላሸት ታሰረ። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል የሚባለው ለነሱ ሳይሆን ለሌላ ሰው መስሏቸው ይሆናል።

የሟቹ እናት እማማ ዘይነባ ለቅሶውን ትተው ጣቢያው በር ላይ ጠበቋት።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ የአላህ ቀደር ነው ይለኛል። ከቀደር ጋር አልጣላም። ግን ያ የታሰረው ልጅ ቤቴ ገብቶ የሚበላ ልጅ ነው። እሱ ከገደለው ንገሪኝ፤ ካልገደለውም ማን እንደሆነ ንገሪኝ። ይኸው ሶላቴን እንኳ በቅጡ መስገድ አቃተኝ።»

«እውነቱ የባሰ ቢሆንስ እማማ?»

«ልጄን ቀብሬ! ከዚህ የባሰ ምን አለ?»

ሉሊት ከዚህ የባሰ ብዙ አይታለች። ለሐዘንተኛ ግን አይነገርም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሲሞት አብሮት የነበረውን ታናሽ ወንድሙን አዩብን ነው። አዩብ ዓባይ ዳር ዘመድ ቤት ወር ያህል ከርሞ ነበር፤ ሐሙስ ጠዋት ጀላል ራሱ ወርዶ ጫነው።

«እንደ ሁልጊዜው ማብረጃ ስንደርስ ፈላች» አለ አዩብ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «እንፋሎቱ ዓይን አያሳይም። ውኃዋን ሁሉ ተፋችው። እሱ የሚያፈሰውን ሊያይ ከሥር ገባ፤ እኔ ጀሪካን ይዤ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ጩኸት ሰምቼ ጀሪካኑን ጥዬ ስሮጥ ወደ ኋላ ተንሸራታ ሄዳበታለች።»

«ውኃውን ሳትጨምርባት?»

«በምን ጊዜ?»

«አንተም ሾፌር ነህ አሉኝ።»

«ነበርኩ። ትቼዋለሁ።»

«መቼ ተውክ?»

«ሁለት ዓመት ይሆናል።»

ቀጥላ የኋላሸትን ከእስር ክፍሉ አስወጣችው። ምስኪኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ድምፁ ተዘግቷል።

«ፍሬኗን ነክቼ ከሆነ እጄ ይቆረጥ! ትርፍ ፋን ነው የገጠምኩላት፤ በኤሌክትሪክ እየዞረ ሞተሩን የሚያበርድ። የራሷ ፋን ከሞተሩ ጋር ነው የሚዞረው። ዳገት ላይ ቀስ ብላ ስትወጣ እሱም ይደክማል፤ ነፋሱም አይደርሳት። ስለዚህ ከራዲያተሩ ፊት አንድ አሰርኩላት፤ ሽቦውን በፊውዝ አድርጌ ማብሪያውን ከመሪው ሥር አደረግሁት። ኩላንቱንም፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሹን፣ አዲስ ሞላሁ።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ። ‹ከእንግዲህ ማብረጃ ላይ ማንም አይወርድም› ብሎ ስቆ ነው የሄደው።»

ሉሊት ግቢው ውስጥ የቆመችውን መኪና ኮፈን ከፈተች። የራዲያተሩ ክዳን ሲከፈት አረንጓዴው ኩላንት እስከ አፉ ሞልቶ ታየ። ውኃ ተጨምሮበት የቀጠነ አይደለም። ኮፈኑም ከውስጥ በኩል ደረቅ አቧራ እንደለበሰ ነው፤ አንዲት የተረጨች ጠብታ አልነካችውም። ጀሪካኑን ያነሳውን ፖሊስ ጠየቀችው፤ ምንጩ ዳር ሙሉውን እንዳገኘው ነገራት።

ሦስተኛው ሰው ኪዳን የሚባል የከላላ ገበሬ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሴት ልጁን መኪና ገጭቶ ገድሎበት አምልጧል። ሐሙስ ዕለት ከማብረጃ በላይ በበቅሎ ሲያልፍ ስለታየ ፖሊሶቹ እሱንም በክፉ ዓይን ያዩት ነበር።

«ጀላል ባለፈው ሳምንት ቤቴ ድረስ መጣ» አለ ኪዳን። «‹ልጅህን የገጨችው መኪና የኔ ናት፤ መሪውን የያዘው ግን እኔ አይደለሁም። ቅዳሜ ደም አስታራቂው አበጋር ፊት ሰውየውን ይዤ እቀርባለሁ፤ ደሙ ይድረቅ› አለኝ። ወላሂ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር። ቅዳሜን የሚጠብቅ ሰው ሐሙስ ይገድለዋል?»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሉሊት ሁሉንም ከዳገቱ ግርጌ በዚያችው መኪና አሳፈረቻቸው። እማማ ዘይነባን እንዲቀሩ ብትለምናቸውም እምቢ አሉ። የፖሊስ ሾፌር መሪውን ያዘ፤ የኋላሸት ማብሪያውን አሳየው። መኪናዋ እያጓራች መውጣት ጀመረች። ማብረጃ ስትቃረብ አዩብና ኪዳን እኩል እጃቸውን ወደየበራቸው እጀታ ሰደዱ። መኪናዋ ግን መታጠፊያውን አልፋ ሄደች። የሙቀቱ መርፌ ከመሐል ንቅንቅ አላለም።

«እዚህ ቁም» አለች ሉሊት፣ ዳገቱ ከማብረጃም በባሰበት ቦታ። «የእጅ ፍሬኑን ሳብና እግርህን አንሳ።»

መኪናዋ ሰው እንደሞላች ባለችበት ጸናች። የኋላሸት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አለች ሉሊት። «እንግዲህ ሐሙስ ዕለት መኪናዋ ለምን ቆመች? ፈላች ተባልን። ውኃዋን ሁሉ የተፋች መኪና ራዲያተሯ ሙሉ ሆኖ ተገኘ፤ ጀሪካኑም ሳይፈስስ ምንጭ ዳር ቀረ። ስለዚህ አልፈላችም። አዩብ፣ ወንድምህ ፋን ማስገጠሙን አታውቅም፤ ድምፁንም የሞተሩ ጩኸት ይውጠዋል። አንተ የነገርከን የሐሙሱን ሳይሆን የወትሮውን ነው። ማብረጃ ላይ ፈላች የሚለውን ይህ አገር ሁሉ ያምናልና።»

አዩብ ወደ ኋላ፣ ወደ ማብረጃ ዞሮ አየ።

«ከወንድሙ ሌላ ማን ነበር የዚህችን መኪና መሪ የሚይዘው? የኪዳን ልጅ በሞተች ጊዜ መንዳት የተወውስ ማን ነው? ጀላል ዛሬ አበጋሩ ፊት ሊያቀርብ የነበረው አንተን ነው።»

ኪዳን ዞሮ አዩብን አየው። እጁን ግን አላነሳም፤ እማማ ዘይነባ በመሐላቸው ነበሩ።

«እንዲምረኝ ለመንኩት» አለ አዩብ። «‹ልጅቷም እናት አላት› አለኝ። ከሥር የሚንኳኳ ነገር አለ አልኩትና አቆመ። ሊያይ ሲገባ ‹አንተ ፍሬኑን ረግጠህ ያዝልኝ› አለኝ።»

እማማ ዘይነባ ልጃቸውን ሳያዩት፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እየተመለከቱ ጠየቁት።

«አውቆ ነው የሞተው? አንተ መሆንህን አውቋል?»

«አላወቀም እማዬ። ‹አዩብ ያዝ፣ ያዝ› እያለ ነበር። ፍሬኑ ያመለጠኝ መስሎታል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እማማ ዘይነባ። «ሳያውቅ ሄደልኝ።»

ሻሻቸውን አስተካክለው ወረዱና መንገዱን በእግራቸው ያዙት። ሉሊት አልከለከለቻቸውም። ኪዳን ትንሽ ቆየና እሱም ወርዶ ተከተላቸው፤ ያን ዳገት ብቻቸውን አይዘልቁትም።