ተራ ያልጠበቀ እጅ

ፊደል ስላልቆጠርኩ ፖሊሶቹ የቤቱን ድመት ሳይቀር ጠይቀው እኔን አለፉኝ። አል-ጣኢፍ በሚባለው የሱዳን ሰፈር፣ በዚያ ቤት ኩሽና ውስጥ ያረጀሁት ግን እኔ ዘሃራ ነኝ።

የቤቱ ጌታ ሳሊህ በቼዝ ውድድሩ የፍጻሜ ቀን ጠዋት ሰሌዳው ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ሻዩ ውስጥ የአይጥ መርዝ ነበረበት። ሻዩን ያቀረበችው የእህቴ ልጅ ሁስና ናትና እያለቀሰች ወሰዷት።

በማግስቱ መርማሪዋ ሂያም መጣች። እናቷ አበሻ፣ አባቷ ሱዳናዊ። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ዓይኗ ግን አይስትም። መጀመሪያ የሳሊህን ተጋጣሚ ሲዲግን በጥያቄ ያዘችው።

«ጨዋታውን እዚህ ጀምራችሁ ነበር?»

«ወላሂ አልጀመርንም። አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ የቼዝ ክለቡ ውስጥ ስጠብቀው ነበር፤ ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

ሰሌዳው እንደተገኘ ነው። ነጩ አንድ ወታደር ብቻ ገፍቷል። ጥቁሩ ሁለቱንም ፈረሶችና ሦስት ወታደሮች አውጥቷል።

ሲዲግ ሳቀ። «እንዲህ ያለ አጀማመር የለም። አንዱ አንዴ፣ ሌላው አንዴ ነው።»

ሾፌሩ ሙባረክ፣ የልጅ ልጄ፣ «እኔ መኪና እያሳጠብኩ ነበር፤ የቼዝ ድንጋይም ነክቼ አላውቅም» አላት።

ከዚያ ኩሽና ገባች። «ሐቡባ» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። «አንቺማ ይሄን ጨዋታ አታውቂም።»

«ማን ነው አላውቅም ያለሽ? ወሎ ውስጥ አባቴን በሰንጠረዥ፣ በእኛው ቼዝ፣ የሚረታ አልነበረም። በእኛ ቤት የመጀመሪያው ድንጋይ እስኪበላ ማን ተራ ይጠብቃል? ሁሉም እጁ የፈጠነለትን ያህል ያወጣል።»

«ለማን አስተማርሽ?»

«ለሙባረክ። ሌላ ማን ይሰማኛል?»

አመስግናኝ ወጣች። ኮርቼ ሽንኩርቴን ከተፍኩ።

ማታ ሁላችንንም ሳሎን ሰበሰበችን።

«ይሄ ጨዋታ ሲዲግን ለማስያዝ የተደረደረ ነው» አለች። «ሲዲግ ራሱ እንዲህ አይደረድርም። ሁስና ጨዋታውን አታውቅም፤ እዚህ ግን ፈረሶቹ በመንገዳቸው ነው የሄዱት። የደረደረው ሰው አካሄዱን ያውቃል፤ ተራ መጠበቅ ግን አልተማረም። ሐቡባ ብትሆን አትነግረኝም ነበር። የቀረው የእሷ ተማሪ ነው፤ እሱም ድንጋይ ነክቼ አላውቅም ብሎ ዋሽቶኛል።»

ሙባረክ ቀና አላለም። «እናቴ ብትታመም ሳሊህ አስወጥቶ በር ዘጋባት። መንገድ ላይ ሞተች። ሁስና ሻዩን አስቀምጣ ስትወጣ መርዙን ጨመርኩበት። ሲዲግ ትልቅ ሰው አለው፣ ቢያዝም ይወጣል ብዬ ነበር። ሁስናን አላሰብኳትም።»

እናቱ ለምለም የእኔ ልጅ ነበረች። ለሳሊህ አላለቀስኩም።

«ይሰቅሉታል?» አልኳት።

ሂያም ካቴናውን አወጣች።

«እንግዲያ ስሚኝ። በእኔ አፍ ነው የያዝሽው። እሱን በምትወስጂበት መኪና ሁስናን መልሺልኝ፤ ዛሬውኑ። ባዶ መኪና እንዳትልኪብኝ።»