የወታደር ሰማይ ዲስኪት

ጎሹ ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የተመታው በገዛ አካፋው ነበር።

ሜዳው እስራኤል ውስጥ ከቤርሼቫ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ሰፍሮበታል፤ ከዓመታት በፊትም በጋዛው ጦርነት ክረምት የእስራኤል ወታደሮች ድንኳን ተክለውበታል። ጎሹና ሦስት ጓደኞቹ የእነዚያን እንግሊዞች የስም ምልክት ከአፈር እያወጡ የባለቤቶቹን ታሪክ ያጠኑ ነበር።

መርማሪ ሃዳስ ሬሳውን ስታገላብጠው ደረቱ ሥር የታጠፈና የተጨበጠ እጁን አገኘች። ጣቶቹን ፈልቅቃ ያየችው ግን የእንግሊዝ ምልክት አልነበረም። ሰማይ የሚል ስም በዕብራይስጥ የተቀረጸበት፣ ቁራጭ ጥቁር ቆዳ የተጣበቀበት የእስራኤል ወታደር የስም ምልክት፣ ዲስኪት፣ ነበር።

ሰማይን ሽኩና ቫቭ በሚባለው የቤርሼቫ መንደር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ በዚያ ጦርነት ከጦር ሰፈሩ ከድቶ ጠፋ የተባለው ልጅ ነው። እናቱ እማማ ደመቀች ለቅሶ እንኳ ሳይቀመጡለት በሐፍረት አረጁ።

ሃዳስ ሦስቱን ጓደኛሞች ለየብቻ ጠየቀች። «ጎሹ እጅ ላይ የወታደር ዲስኪት አግኝተናል» አለቻቸው፤ ሌላ አልጨመረችም።

«ክብ ነው? የየትኛው ክፍለ ጦር ነው?» አለች የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ኦርታል።

በአሮጌው የከተማ ክፍል፣ በሃዒር ሃዓቲቃ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው ሸዋርካብ ተቆጣ። «የእንግሊዝ ከሆነ የእኔ ነው! ቦታውን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ።»

ሦስተኛው፣ ይጋል፣ ትከሻውን ሰበቀ። «ሰማይ ሲከዳ ከአንገቱ በጥሶ ጥሎት ይሆናላ። አብረን ዘምተን ነበር፤ ፈሪ ነበር።»

በማግስቱ ሃዳስ ሦስቱንም እማማ ደመቀች ቤት ሰበሰበቻቸው። ይጋል እንደ ቤት ልጅ ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጠ፤ ሰማይ ከጠፋ ጀምሮ የቅዳሜውን የሻባት ማዕድ ከእሳቸው ጋር ነው የሚበላው።

«ኦርታልና ሸዋርካብ የእንግሊዝ መሰላቸው፤ የሚፈልጉት እሱን ነዋ» አለች ሃዳስ። «ይጋል ግን ሰማይን ጠራ። እኔ ስም አልጠራሁም።»

«ገመትኩ!» አለ ይጋል።

«ደግሞም የአንገት አይደለም። ወታደር በየቦት ጫማው ውስጥም ዲስኪት ይይዛል፤ የተጣበቀበት የቦት ቆዳ ነው። የሚከዳ ሰው ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ በረሃ አይገባም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ከጎሹ ጉድጓድ በታች ቆፈርን። ቦቱን አገኘነው፤ የእግሩ አጥንትም ውስጡ፣ ቀሪው አጽሙም አጠገቡ ነበር። ጥይቱ የገባው ከጀርባው ነው።»



«ጎሹ ዲስኪቱን ሰማይን ከሚያውቅ ጓደኛው ሌላ ለማን ያሳያል? ሲያሳይህ በአካፋው መታኸው። አንተ ከእነ ጎሹ ጋር ቁፋሮ የገባኸው ልትፈልግ አይደለም፣ ይጋል። ቦታውን ልትጠብቅ ነው።»

ይጋል ግድግዳውን አየ። «ፈሪ ያለኝ ሰማይ ነው። በጓዶቻችን ፊት።»

እማማ ደመቀች እጁን ያዙት። ሊመቱት የመሰላቸው ሁሉ ተነሡ። እሳቸው ግን በቀስታ ጠየቁት።

«ስትቀብረው ሞቶ ነበር?»

ይጋል እጁን ሊያስለቅቅ ሞከረ።

«ንገረኝ እንጂ፣ ልጄ። ሞቶ ነበር?»

«ውሃ ይለኝ ነበር» አለ ይጋል። «አፈሩን እየመለስኩበት።»

እማማ ደመቀች እጁን ለቀቁት።