ቅቤው እምቢ ያለ ዕለት

ሁለት ሴቶች በሂርማታ ገበያ፣ ቅቤ ተራ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር። ኑሪ ያኔ ስድስት ወይም ሰባት ዓመቱ ነው፤ እናቱ ቅቤ በምትጠቀልልበት የኮባ ቅጠል ክምር ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው፣ ከወሬያቸው ጥቂት ነገር ጆሮው ውስጥ ቀረ። አንደኛዋ ለእናቱ ስለ ታመመች እህቷ ነበር የምታወራት። «ንጋት ላይ ቀባኋት» አለች፤ «ቅቤው ግን እምቢ አለ»። እናቱ ምን ብላ እንደመለሰች አያስታውስም። የሴትዮዋን እጅ ይዛ ብዙ መቆየቷን ብቻ ያስታውሳል። ቅቤ እንዴት እምቢ ይላል? ሊጠይቅ አስቦ ሳይጠይቅ አደገ።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ኑሪ በቾ ቦሬ ውስጥ በሰው ቤት ታግቶ ተቀመጠ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አሰሳ ተጀምሮ፣ የቀበሌ ጥበቃዎች መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ በቅርብ ወዳለው ቤት ሲያስገቡ፣ እሱንና ዘሀራ የምትባል አንዲት አላፊ ሴት ወደ ያለምወርቅ የሴቶች ፀጉር ቤት ገፏቸው። ዘሀራ በእጇ አንድ ጀበና የሚያህል ማሰሮ ይዛለች፤ በውስጡ ተመትቶ አረፋ ያወጣ አብሽ አለ። መስኮቱ ተዘጋ። በሩ ላይ ጠመንጃ ቆመ። ጣሪያውን ዝናብ ይደበድበዋል።

«ሸዋረገጥስ የለችም?» አለች ዘሀራ። «አብሿን ይዤላት መጥቼ ነበር።»

«ጓዳ ናት፤ ሥራ ይዛለች» አለች ያለምወርቅ። ባለቤቲቱ አርባ ዓመት የሞላት፣ ፊቷ የገረጣ ሴት ናት። ሸዋረገጥ ደግሞ ለአሥር ዓመት አብራት የሠራች ባልደረባዋ ነበረች።

ሦስት ሰዓት ላይ ወንዶች ሁሉ ለቆጠራ ወደ መንገድ እንዲወጡ ታዘዘ። ከጓዳ በኩል የያለምወርቅ ወንድም ደበበ የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፎ ወጣና ከኑሪ ጋር ተሰለፈ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ትከሻ ለትከሻ በዝናብ ቆሙ። ኑሪ እርጥብ ካፖርትና ጭቃ ከሚሸተው ሰልፍ መሐል አንድ የሠርግ ቤት ሽታ አፍንጫው ስር ሽው ሲል ተሰምቶት፣ ከየት እንደመጣ ዞር ብሎ ፈለገ። በአካባቢው ሴት አልነበረም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ያለምወርቅ ጮኸች።

ሸዋረገጥ ጓዳው ውስጥ፣ ከፀጉር መታጠቢያው ገንዳ ሥር፣ ሰሌን በተነጠፈበት ሲሚንቶ ላይ ተጋድማለች። አናቷ በሻሽ ታስሯል። ከንፈሯ ላይ ነጭ አረፋ አለ፤ ከጎኗ ደግሞ አብሽ የቀረበት ኩባያ።

የጥበቃው ኃላፊ ደምመላሽ ገባ። ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ኩባያውንም አረፋውንም አየና፣ «አብሹን ማን አመጣው?» አለ።

ሁሉም ወደ ዘሀራ ዞሩ።

«እንዶድ ጨምራበታለች» አለ ደበበ። «ጎመኔን አቃጠላችሁ እያለች ስትረግመን ከርማለች። አገር ያውቃል።»

«ያ ረቢ! እኔ? ለሸዋረገጥ?» ዘሀራ ማሰሮዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል» አለ ደምመላሽ። «ሪፖርቴ ላይ ሬሳ ብቻውን አይጻፍም። አንድ ሰው እጭናለሁ።»

በዚያ ዓመት ያ መኪና የጫነው ሰው እንደማይመለስ ልጅ ያውቃል። ኑሪ ቆቡን አወለቀ።

«ጓድ ደምመላሽ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ፖሊስ ጣቢያ ሬሳ መርምሬያለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ፍቀድልኝ። ከዚህ ቤት እንደሆነ ማናችንም አንወጣም።»

ወጣቱ ሰዓቱን አየ። «አምስት ሰዓት ከሩብ ነው። ይፍጠኑ።»

ኑሪ ሬሳዋ አጠገብ ተንበረከከ። በልቡ ዱዓ አድርጎ፣ ሻሹን እንደ ሴት ልጁ ፀጉር በቀስታ ፈታው። ቅቤው በአራት ቦታ ጉብ ጉብ ብሎ ተቀምጧል። ትናንት ከገበያ እንደመጣ ያህል ቅርጹን አልለቀቀም፤ የቀባቻት ሴት የጣቶች አሻራ እንኳ አልጠፋም። ግንባሯ ደረቅ ነው። የቀሚሷ አንገትጌም ደረቅ ነው። ልጅ ሳለ ኮባ ቅጠል ላይ ተኝቶ የሰማው «ቅቤው ግን እምቢ አለ» የሚል ድምፅ ተመለሰለት። ከዚያ ከንፈሯን ከፍቶ አፏን አየ፤ የማጅራቷንም ቅቤ በጣቱ ገለጥ አደረገ። ከሥሩ የደረቀ ደም ነበር። ሻሹን መልሶ አሰረና ተነሳ።

መጀመሪያ ያለምወርቅን ጠየቃት።

«ወንዶቹ ከወጡ በኋላ ምን ሆነ?»

«ቀባኋት። እየተጫወትን ነበር፤ ዛሬማ ደስ ብሏት ነበር። ከዘሀራ አብሽ ተቀብዬ ሰጠኋት። ሁልጊዜ ግማሹን ትጠጣለች፣ ግማሹን ፀጉሯ ላይ ታደርጋለች። ትቻት ወደዚህ ወጣሁ። ስመለስ ወድቃለች።»

«ቅቤውን መቼ ፈታሽው?»

«ያን ጊዜ ነው። ጥቅሉ ከትናንት ጀምሮ እንደታሰረ ነበር።»

«ከዚያ በፊት ማንም አልነካውም?»

«ማን ይነካዋል? አደስ የገባበት የፀጉር ቅቤ እኮ ነው፤ ለወጥ አይሆን።»

ዘሀራ ደግሞ ማሰሮዋን እንዳቀፈች እያለቀሰች መለሰች።

«ጎመኔ ነዷል፤ እሱ እውነት ነው አባ። ጥጃችንም አፉ ቆስሎ ሞተ። የውጭው ቅባት ከገበያ ሲጠፋ ደበበ የሳሙና ሶዳ እያፈላ ፀጉር ማለስለሻ መሥራት ጀመረ፤ እጣቢው በቦዩ ወርዶ ምንጫችን ውስጥ ይገባል። መጥቼ ለሸዋረገጥ ስነግራት ጣቷን አሳየችኝ። ተልጧል! ‹የእኔን ቆዳ እንዲህ ካደረገ ያንቺን ጎመን ምን ያድርገው› አለች። ሁለት ወር ሆናት፣ ያንን ነገር አልነካችም። አብሽና ተልባ ከእኔ ትወስዳለች፤ በእሱ ደንበኞቿን አጥባ በለጋ ቅቤ ትቀባለች። እጣቢውን እንሰት ሥር ነው የምትደፋው። የደንበኞቿ ፀጉር መርገፍ ተወ፤ ሌሎቹም ወደዱት። ዛሬ ከሰዓት በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ልትናገር ነበር።»

«ስለ ሶዳው?»

«ስለ ምንጩ። ሶዳው ይቁም ልትል።»

ደበበ ሳይጠሩት ተጠጋ። «ጋሼ፣ እኔን ምን ይጠይቁኛል? የእኔ ምስክር እርስዎ ነዎት። አጠገብዎ ቆሜ አልነበር?»

«ነበርክ» አለ ኑሪ። «እኔም እሱን ነው የማስበው።»

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ኑሪ ያለምወርቅን፣ ደበበን፣ ዘሀራንና ደምመላሽን በፊት ለፊቱ ክፍል፣ በደንበኞች አግዳሚ ላይ አስቀመጠ። ጠባብ ክፍል ነው፤ የአንዱ ጉልበት የሌላውን ይነካል። ከጓዳ የኮባ ጥቅሉን አምጥቶ፣ ሁለት ጣት ቅቤ አነሳና መላጣ አናቱ ላይ ጉብ አደረገው። በመሐረቡ ሸፍኖ አሰረ።

ደምመላሽ ሳያስበው ሳቀ። «ሃምሳ አለቃ፣ ፀጉር እንዲያበቅልልዎ ነው?»

«ተስፋ አይቆረጥም» አለ ኑሪና ተቀመጠ። «መጀመሪያ መርዙን እንይ።»

ኩባያውን አነሳ። ዘሀራ «አባ፣ ተው!» ስትል «ቢስሚላህ» ብሎ የቀረውን ጨለጠው። ያለምወርቅ ዓይኗን ጨፈነች።

«አብሽ ነው። በደንብ የተመታ አብሽ ሁሉ አረፋ ያወጣል፤ ከንፈሯ ላይ ያለውም እሱ ነው። እንዶድ ቢኖርበት ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ነበር። ደግሞ ሸዋረገጥ አልጠጣችውም፤ ጉንጯ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። በሕይወት ያለ ሰው ይውጣል ወይ ይተፋል።»

«እና በምን ሞተች?» አለ ደምመላሽ።

«ማጅራቷ ተፈንክቷል። የገንዳውን ጠርዝ እዩት፤ አዲስ ታጥቧል፣ ሌላው ግን የሰነበተ የሳሙና እድፍ አለበት። ቁስሉን ቅቤና ሻሽ ሸፍኖታል። የቀረው መቼ ሞተች የሚለው ነው። ያለምወርቅ እንዳለችው ከሦስት ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ደበበ ከእኔ ጋር መንገድ ላይ ነበር፤ እዚህ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች ብቻ ናቸው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ከሆነ ግን ዘሀራ እዚህ ቤት አልነበረችም። ከዚያ በኋላም እስከ ሦስት ሰዓት ከጎኔ አልተነሳችም።»

«ያለምወርቅ ሕያው ሆና ቀባኋት ብላለች!» አለ ደበበ።

«ብላለች። እስቲ ወደ እኔ ተመልከቱ።»

ከመሐረቡ ሥር አንድ ቢጫ ዘለላ ወርዶ በጆሮ ግንዱ ላይ ቆመ። ሌላም ተከተለው። ግንባሩ ወዛ፤ በአንገቱ የወረደው የሸሚዙን ኮሌታ አረጠበው። ዝናቡ አየሩን አቀዝቅዞት ሁሉም ጋቢና ነጠላ ደርበዋል፤ ቅቤው ግን የሰውዬውን ራስ ሙቀት አግኝቶ ይፈሳል።

«ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላውም» አለ ኑሪ። «ሸዋረገጥ ግን ተቀባች ከተባለ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል። አናቷ ላይ ያለው ቅቤ የቀቢዋን ጣት አሻራ እንደያዘ ነው። ሙቀት ስላላገኘ መቅለጥ እምቢ ብሏል። የተቀባችው ሲሚንቶ ላይ ተኝታ ከቀዘቀዘች በኋላ ነው፤ ስለዚህ የሞተችው ማለዳ ነው።»

ያለምወርቅ እጆቿን ከጭኗ ሥር ደበቀች።

«ያለምወርቅ፣ ሌላም ነገር አለ። ጥቅሉ ወንዶቹ እስኪወጡ አልተፈታም አልሽኝ። እኔ ግን ሰልፍ ላይ ሳለሁ አደስ ሸቶኛል። ከዚህ ቤት ወጥቶ አጠገቤ የቆመው ደበበ ነው። ወንድ ልጅ የፀጉር ቅቤ ምን ያደርግለታል? ሰው ሲቃጠል ቅቤ ይቀባል። ደበበ፣ እጅጌህን ሰብስብ።»

ደበበ አልተንቀሳቀሰም። ደምመላሽ በጠመንጃው አፈሙዝ ጠቆመው። ሲሰበስብ፣ ከአንጓው እስከ ክርኑ ቆዳው ተልጦ በቅቤ ያብረቀርቃል።

«ሶዳ ነው» አለ ኑሪ። «ሸዋረገጥ የሶዳውን ጣሳ ልትደፋው ነበር መሰለኝ። ሲታገሉ ክንዱ ላይ ፈሰሰ፤ ገፋት። ገንዳው ነው የመታት።»

«ሶዳ ሁልጊዜ ያቃጥለኛል፤ ሥራዬ ነው!» አለ ደበበ። ወደ ደምመላሽ ዞረ። «ጓድ፣ ቅቤ ምስክር ሆኖ ሰው ይጫናል? ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?»

ደምመላሽ ጢሙን ነካካ። «እውነቱን ነው፤ ቅቤ ቀለጠ፣ ቅቤ አልቀለጠም ብዬ ብጽፍ ይስቁብኛል። ሰው ይናገር። ካልሆነ ዘሀራን እጭናለሁ።»

ከሩቅ፣ ከጊንጆ ጉዱሩ በኩል፣ የከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ። ዘሀራ ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

«ያለምወርቅ» አለ ኑሪ።

«አይጠይቁኝ ጋሽ ኑሪ። በእናትዎ አይጠይቁኝ። ከእናታችን ማሕፀን የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። የሕዝብ ውሃ አበላሸ፣ አሻጥረኛ ነው ብለው ዛሬውኑ ይረሽኑታል።»

«ለዚህ ነው ገንዳው ጋ እንዲህ የሆነው» አለ ደበበ ድንገት፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ስብሰባ ላይ እናገራለሁ አለች። ‹ትገድዪኛለሽ› አልኳት፤ ‹ታዲያ ሶዳውን ተወው› አለች። ጣሳውን አነሳችው...» አፉን ዘጋ።

ኑሪ ተነስቶ ደምመላሽ ፊት ቆመ። ቅቤው ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«ልጄ፣ ይህ ፖለቲካ አይደለም። ሰው ሰው ገፍቶ ሞተች። ፖሊስ ጣቢያ ዶሴ ይከፈትለት፣ ዳኛ ይየው። በእግር እንወስደዋለን፤ እኔ አብሬ እሄዳለሁ፣ ለጣቢያው ያስረከብክበትን ወረቀት እኔ እፈርምልሃለሁ። መኪናው ባዶውን ይለፍ። ሪፖርትህ ላይ ሬሳው ብቻውን አይሆንም።»

ደምመላሽ በመስኮቱ ስንጥቅ ወደ መንገድ አየ። ፈሪ ልጅ አልነበረም፤ ሆኖም እሱም ከላዩ ሰው አለበት። ላቡን ጠረገ።

«ያለምወርቅ ከተናገረች» አለ በመጨረሻ፣ «ለመኪናው እዚህ ቤት ሰው የለኝም እላለሁ። መኪናው በር ላይ ሳይደርስ ግን ትናገር።»

ያለምወርቅ ወንድሟን አየችው። ደበበ ራሱን ዝቅ አድርጎ የተላጠ ክንዱን ያይ ነበር። ከዚያ ዘሀራን አየች። ዘሀራ ከማልቀስ አልፋ፣ ማሰሮዋን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች፤ ቤቷ ሦስት ልጆች አሏት። የሞተሩ ድምፅ ዳገቱን ጨርሶ ወደ እነሱ መንገድ ታጠፈ።

«ይጻፉ» አለች ያለምወርቅ።

ኑሪ ከኪሱ እርሳስ አወጣ።

«እኔ ነኝ የቀባኋት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሞተችው፤ ጩኸቷን ሰምቼ ስገባ ደበበ ራሷን ይዞ ‹ገፋኋት› እያለ ያለቅስ ነበር። አብሹንም አፏ ውስጥ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ፖሊስ ጣቢያም በእግሬ አብሬያችሁ ሄጄ፣ ለዳኛውም ቢሆን እሱ ፊት ቆሜ እንዲሁ እናገራለሁ።» በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። «አሁን ዘሀራን አስወጧት።»